“ነርሷ ትይዎት” ሲሉን ንቀት ነው?

በኩፓት ሆሊም የስኳር ሐኪም ቀጠሮ ስንጠይቅ ቀኑ ይርቅብናል። “አሖት ሙምሂት ግን ቶሎ ታይዎታለች” እንባላለን። ብዙዎቻችን፣ በተለይ አረጋውያን ወላጆቻችን፣ “ሐኪም ከልክለው ነርስ ሰጡን” ብለን ቅር ይለናል። ቅር ብሎን ቀጠሮውን ስንተው ግን ስኳሩ አይጠብቀንም።

አሖት ሙምሂት በአንድ የሕክምና ዘርፍ ልዩ ሥልጠና ያላት ነርስ ናት። ሁለተኛ ዲግሪ ይዛ፣ ተጨማሪ ትምህርት ተምራና ፈተና አልፋ ነው የጤና ሚኒስቴር የሚፈቅድላት። በእስራኤል ሙያው የተጀመረው በ2009 የጽኑ ሕሙማንን ስቃይ በማስታገስ ሲሆን፣ በኋላ ለስኳር፣ ለአረጋውያንና ለሌሎችም ተፈቅዷል። በዘርፏ ምርመራ ታዛለች፣ የመድኃኒት መጠን ታስተካክላለች፣ የከበደውን ለሐኪሙ ታስተላልፋለች። ሐኪሙም ለጠናባቸው ሕሙማን ጊዜ ያገኛል። በሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የምናያቸው ኦዜር ሮፌ የሚባሉትም በሐኪም ኃላፊነት ሥር የሚሠሩ ረዳቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ ቀድሞ ፓራሜዲክ ነበሩ።

ዝም ብለን ግን አንቀበል። በ1996 የወጣው የሕሙማን መብት ሕግ የሚያክመንን ሰው ስምና ኃላፊነት የማወቅ፣ የሌላ ሐኪም አስተያየትም የመጠየቅ መብት ይሰጠናል። ስለዚህ ስንገባ “ማን ነዎት? ከየትኛው ሐኪም ጋር ይሠራሉ?”፣ ስንወጣ “ሐኪሙን መቼ ማየት አለብኝ?” ብለን እንጠይቅ። የምንወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ይዘን እንሂድ። ዕብራይስጡ ከከበደን አስተርጓሚ እንጠይቅ።

ነርስ ልጅ ያለንም ይህን የሥራ መንገድ እንንገራት።