በመኪና በር ደፍ ላይ ስለሚበራው ጌጥ

የመኪና ጌጣጌጥ ከሚሸጡ ሱቆች በአንዱ የገባ ሰው የበር ደፍ መብራት ሳያይ አይወጣም። ይህ ዕቃ በሩ ሲከፈት እግር የሚያልፍበትን ደፍ በሰማያዊ፣ በቀይ ወይም በነጭ ብርሃን የሚያደምቅ ቀጭን ሰሌዳ ነው፤ መብራቱም ጥቂት ኀይል የሚበቃው ኤል ኢ ዲ የተባለው ዐይነት ነው። ለዐይን የሚያምር፣ በመጋዘንም ብዙ ቦታ የማይፈጅ ስለ ሆነ ነጋዴ ቢወደው አያስደንቅም። ነገር ግን ትርፉንና ኪሳራውን የሚወስነው ብርሃኑ ሳይሆን አገጣጠሙ ነው።

እኔ በጸሐፊነት የማገለግላቸው ነጋዴ ይህን ዕቃ ማስመጣት በጀመሩ ጊዜ፣ አንድ ደንበኛችን በአራቱም በሮች አስገጥመው ደስ ብሏቸው ሄዱ። መኪናቸውን ሁለት ቀን በግቢያቸው አቁመው ቢመለሱ ግን አልነሣ አላቸው። ነገሩ ሲመረመር፣ ገጣሚው ሽቦውን በር ሲከፈት ብቻ ከሚበራው መብራት ጋር በማገናኘት ፈንታ ምንጊዜም ኀይል ካለው መስመር ቀጥሎት ተገኘ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ደፍ 3 ዋት ቢወስድ አራቱ 12 ዋት፣ ማለት በ12 ቮልት ባትሪ 1 አምፔር ይሆናል። በ48 ሰዓት 48 አምፔር ሰዓት ይወጣል፤ የትንሽ መኪና ባትሪ ግን ብዙ ጊዜ የሚይዘው 45 ያህል ነው። አሠሪዬ ገንዘቡን መለሱ፤ የጋራዡንም ወጪ ከፈሉ። በዚህም ከብዙ መብራት የተገኘው ትርፍ በአንድ ቀን ጠፋ።

ስለዚህ አስመጪው ሲያዝ ፊውዝ ያለው ሽቦ፣ የክረምት ጭቃና ውሃ የማያስገባ ሰሌዳ፣ ሞተር ሲነሣ እስከ 14 ቮልት ገደማ የሚደርሰውን ኀይል የሚችል መብራት መሆኑን ይጠይቅ። በራሱ ትንሽ ባትሪና በማግኔት የሚሠራው ዐይነት ከመኪናው ሽቦ ጋር ስለማይገናኝ ከዚህ ጉዳት ነጻ ነው፤ ባትሪው ግን በየጊዜው መሞላት ወይም መለወጥ አለበት።

ቸርቻሪውም ገጣሚውን ያስጠንቅቅ፤ በደፉ ሥር ሌሎች ሽቦዎች ያልፋሉና። ቢጫ ሽፋን ያለው ብዙውን ጊዜ የኤርባግ ነው፤ በኤሌክትሪክ መኪና ብርቱካናማው ከፍተኛ ኀይል ያለበት ነው፤ ሁለቱም አይነኩም።

ዛሬ በሱቃችን ከደረሰኙ ጋር፣ «ፊውዝ ይኑረው፤ በሩ ሲዘጋ መጥፋቱ በጨለማ ይታይ» የሚል ወረቀት ይሰጣል። ወጪው የወረቀቱ ብቻ ነው።