ተጨማሪ መረጃ፦ 80 ሜትር ሽቦ ለምን?

ፈቃድ አውጥተው፣ ለገቢ ሳይሆን ለትርፍ ጊዜ፣ በሬዲዮ ከሩቅ የሚነጋገሩ ሰዎች አማተር ሬዲዮኞች ይባላሉ። ከሚጠቀሙባቸው ዝቅተኛ ድግግሞሾች አንዱ 1.8 ሜጋኸርዝ ነው። የብርሃንን ፍጥነት ለዚህ ድግግሞሽ ብታካፍሉ የሞገዱን ርዝመት፣ 167 ሜትር ገደማ፣ ታገኛላችሁ። ስለዚህ የግማሽ ሞገድ አንቴና 80 ሜትር ያህል ሽቦ ይፈልጋል! ግቢው የጠበበበት ሰው ሽቦውን አሳጥሮ ጉድለቱን በጥቅል ሽቦ ያካክሳል።

ሌላው ፈተና የሬዲዮ ረብሻ ነው፤ ይኸውም ያልተፈለገ ሞገድ መቀበያው ውስጥ ገብቶ የምንሻውን ድምፅ ሲሸፍን ነው።

ሞክሩት፦ በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ኤኤም ላይ አድርጋችሁ ጣቢያ የሌለበት ቦታ ፈልጉ። ሶኬት ላይ የተሰካ የስልክ ቻርጀር አጠገብ አስጠጉት፤ ቀጥሎ አርቁት። ጩኸቱ ተለወጠ?