ዜሮ ድሮፕ ጫማ፦ ዜሮው ከምን ተለክቶ ነው?

እስቲ የምትሮጡበትን ጫማ አምጡና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ከጎን ስታዩት ተረከዙ ጋ ያለው ሶል ወፍራም ሆኖ ወደ ጣቶቹ ሲሄድ እየሳሳ ይመጣል? አብዛኛው የሩጫ ጫማ እንዲህ ነው። እግራችሁን ስታስገቡ ተረከዛችሁ ከፊት እግራችሁ ከፍ ብሎ ይቆማል። ይህ የከፍታ ልዩነት "ድሮፕ" ይባላል፤ የሚለካውም በሚሊሜትር ነው። የተለመዱት የሩጫ ጫማዎች ከ8 እስከ 12 ሚሊሜትር ድሮፕ አላቸው። ተረከዙና ፊቱ እኩል ከፍታ ያለው ደግሞ "ዜሮ ድሮፕ" ይባላል።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሱኝ አንድ ጥያቄና አንድ የታመመ ጅማት ናቸው። የምኖረው አቃቂ ቃሊቲ፣ ገላን ኮንዶሚኒየም ነው። ከብሎካችን አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ጋር ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ አብረን እንሮጣለን። ቤተሰቦቹ ለጫማ የሚሆን ብር አጠራቅመውለታል፤ ለአንድ ጫማ ብቻ። አንድ ቀን "ኢንጂነር፣ ዜሮ ድሮፕ ስታቢሊቲ የሚባል ጫማ አለ አሉ፤ ለአስፋልት ይሆናል?" አለኝ።

ወዲያው መመለስ አልቻልኩም። አምና እኔው ራሴ ዜሮ ድሮፕ ጫማ ገዝቼ፣ በሦስተኛው ሳምንት የተረከዜ ጅማት አብጦ ሁለት ወር ያህል ከሩጫ ርቄያለሁ። ጫማው መጥፎ አልነበረም። ስሌቱን ሳልሠራ የሮጥኩት እኔ ነኝ። እንግዲህ አሁን አብረን እንሥራው።

10 ሚሊሜትር ስንት ዲግሪ ነው?

የዓለም አትሌቲክስ የጫማ ሶል ውፍረት ሲለካ ሁለት ነጥቦችን ይወስዳል። አንደኛው ከተረከዝ ተነስቶ የጫማው የውስጥ ርዝመት 12 በመቶ ላይ፣ ሁለተኛው 75 በመቶ ላይ ነው። የጫማችሁ የውስጥ ርዝመት 27 ሴንቲሜትር ቢሆን በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት የርዝመቱ 63 በመቶ፣ ማለትም 170 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል።

አሁን 10 ሚሊሜትርን ለ170 አካፍሉ። መልሱ 0.059 ነው፤ ወደ 6 በመቶ የሚጠጋ ተዳፋት፣ በዲግሪ ደግሞ 3.4 ገደማ። ስለዚህ 10 ሚሊሜትር ድሮፕ ያለው ጫማ አድርጋችሁ ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ስትቆሙ፣ እግራችሁ የሚሰማው የ6 በመቶ ቁልቁለት ላይ እንደቆመ ነው። ወደ ዜሮ ድሮፕ ስትቀይሩ ያ ቁልቁለት ከእግራችሁ ሥር ይነሳል።

3.4 ዲግሪ ምን አላት? እንዳትሉ። አንድ ሯጭ በደቂቃ ከ160 እስከ 180 እርምጃ ይረግጣል። በአንድ ሰዓት ውስጥ እያንዳንዱ እግር ወደ 5,000 ጊዜ መሬት ይመታል ማለት ነው። ተረከዝ ዝቅ ሲል ቁርጭምጭሚት የበለጠ ይታጠፋል፣ ባትና የተረከዝ ጅማትም የበለጠ ይለጠጣሉ። በአንጻሩ ጉልበት ላይ ያለው ጫና ይቀንሳል። ጭነቱ ከጉልበት ወደ ባት ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ዜሮ ድሮፕን ሲያመሰግን፣ ጅማቱን የሚያመው ደግሞ ሲያማርር የምትሰሙት ለዚህ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ዜሮ ድሮፕ ለእኛ አዲስ ነው?

አይደለም። ከአሮጌ የመኪና ጎማ የሚሠራውን በረባሶ አስቡት። ከተረከዝ እስከ ጣት አንድ ዓይነት ውፍረት ያለው ጎማ ነው፤ ማንም ስም ሳያወጣለት ድሮውኑ ዜሮ ድሮፕ ነበር። ቤተልሔም ጥላሁን በ2004 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ የመሠረተችው "ሶል ሬብልስ" ይህንኑ የጎማ ሶል ይዞ ለዓለም ገበያ ወጣ። በሩጫ ጫማው ዘርፍ ዜሮ ድሮፕን መለያው አድርጎ የተነሳው የአሜሪካው አልትራ ደግሞ የተመሠረተው በ2009 ነው።

አበበ ቢቂላስ? መስከረም 10 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ የቀረቡለት ጫማዎች ስላልተመቹት በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ባዶ እግር ከሁሉም የበለጠ ዜሮ ድሮፕ ነው። ግን ታሪኩን እዚህ ላይ አታቁሙት። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ፤ ከሮም በ3 ደቂቃ ይፈጥናል። የለመደ እግር በባዶውም በጫማም ይሮጣል። ቁልፉ ቃል "የለመደ" የሚለው ነው።

ሌላም የሚምታታ ነገር አለ፤ ውፍረትና ድሮፕ አንድ አይደሉም። ትዕግስት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ 2:11:53 ስትገባ ያደረገችው 138 ግራም የሚመዝን ጫማ ተረከዙ 39፣ ፊቱ 33 ሚሊሜትር ነበር፤ ድሮፑ 6 ነው። ደራራ ሁሪሳ በ2021 የቪየና ማራቶንን አንደኛ ሆኖ ከጨረሰ በኋላ የተሰረዘው በውፍረት ምክንያት ነው፤ የተፈቀደው 4 ሴንቲሜትር ሲሆን የእሱ ሶል 5 ነበር። ዜሮ ድሮፕ ጫማም እንዲሁ ቀጭን ወይም ወፍራም ሊሆን ይችላል። ተረከዙም ፊቱም 30 ሚሊሜትር ከሆነ ድሮፑ ዜሮ ነው።

ታዲያ "ስታቢሊቲ" ምንድነው?

ድሮፕ የፊትና የኋላ ጉዳይ ነው። ስታቢሊቲ ደግሞ የግራና የቀኝ። እግር መሬት ሲነካ በጥቂቱ ወደ ውስጥ ይዘማል፤ ይህ ፕሮኔሽን የሚባለው እንቅስቃሴ ተፈጥሯዊ ነው፣ ግጭቱን ለማለዘብም ይረዳል። ስታቢሊቲ ጫማ የተሠራው ይህ መዝመም ለሚበዛባቸው ሰዎች ነው። አንዳንዱ በውስጠኛው ጎን ጠንከር ያለ ፎም ይገባበታል፣ አንዳንዱ ተረከዝን ከሁለት ጎን የሚይዝ ከፍ ያለ ጠርዝ አለው፣ አንዳንዱ ደግሞ በቀላሉ ሶሉን ያሰፋዋል።

በፎም ፍራሽ ላይ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ፍራሹ በወፈረና በለሰለሰ ቁጥር ቁርጭምጭሚታችሁ ይንቀጠቀጣል። ወፍራምና ለስላሳ ሶል ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው። ስለዚህ "ዜሮ ድሮፕ ነው" ማለት "አያንገዳግድም" ማለት አይደለም። ዜሮ ድሮፕ ስታቢሊቲ ጫማ ሁለቱን ለየብቻ መፍታት አለበት።

ጥናቶች ምን አገኙ?

የሉክሰምበርግ ተመራማሪዎች በ2016 ባሳተሙት ሙከራ 553 ሯጮችን በዕጣ በሦስት ከፍለው 10፣ 6 ወይም 0 ሚሊሜትር ድሮፕ ያለው ጫማ ሰጧቸው፤ 6 ወርም ተከታተሏቸው። በጥቅሉ ሲታይ በሦስቱ ቡድኖች የጉዳት መጠን ላይ ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። ዘርዝረው ሲያዩት ግን፣ አልፎ አልፎ በሚሮጡት ላይ ዝቅተኛው ድሮፕ ጉዳት ሲቀንስ፣ አዘውትረው በሚሮጡት ላይ ጨመረ። ብዙ የሮጠ ሰው ሰውነቱ ከአሮጌው ጫማ ጋር ተስማምቷል፤ ሲቀይር ግን የሩጫውን መጠን አይቀንስም። የእኔ ስህተት ይኸው ነበር።

እነዚሁ ተመራማሪዎች በሌላ ሙከራ 372 ሯጮችን ለሁለት ከፍለው ግማሾቹን ደጋፊ ጫማ አስደረጓቸው። ደጋፊው ጫማ ጉዳት ቀነሰ፤ ጥቅሙ በግልጽ የታየው ግን እግራቸው ወደ ውስጥ በሚዘምባቸው ሰዎች ላይ ነው። በ2013 ደግሞ የአሜሪካ ተመራማሪዎች 19 ሯጮች በ10 ሳምንት ውስጥ ወደ ጣት-ጣት ያለው ስስ ጫማ እንዲሸጋገሩ አድርገው እግራቸውን በኤምአርአይ አዩ። በ10ሩ ላይ የእግር አጥንት ውስጥ እብጠት ጨምሮ ተገኘ። 10 ሳምንት ረጅም ይመስላል፤ ለአጥንት ግን አጭር ነው።

መንገዱም ድሮፕ አለው

አሁን ወደ ገላን እንመለስ። የአስፋልት መንገድ ለጥ ያለ አይደለም። ዝናቡ እንዲወርድ መሀሉ ከፍ፣ ጠርዙ ዝቅ ተደርጎ ይሠራል፤ የጎን ተዳፋቱ ብዙውን ጊዜ 2.5 በመቶ ገደማ ነው። 80 ሚሊሜትር ስፋት ባለው የጫማ ተረከዝ ላይ ይህ 2 ሚሊሜትር ይሆናል። በዚያ ላይ የአቃቂ ሜዳ ጥቁር መረሬ አፈር ነው፤ ክረምት ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የመንገዱም ጠርዝ አብሮት ይነሳል፣ ይሰምጣል።

ለደኅንነታችን የምንሮጠው መኪናውን ፊት ለፊት እያየን፣ በግራ ጠርዝ ነው። መንገዱ ወደ ግራ ያዘቀዝቃል። ቀኝ እግር በውስጠኛው ጎኑ ዝቅ ስለሚል ወደ ውስጥ ይዘማል፣ ግራ እግር ደግሞ ወደ ውጭ። ስታቢሊቲ ጫማ የሁለቱንም እግር ውስጠኛ ጎን ይደግፋል። ቀኙን ያግዛል፤ ግራውን ግን ዘሞ ወደሄደበት ወደ ውጭ ይጨምርበታል! ስለዚህ ሁልጊዜ አንድ እግራችሁን ብቻ የሚያማችሁ ከሆነ፣ ጫማ ከመቀየራችሁ በፊት መንገዱን ጠርጥሩ። መፍትሔው በነፃ ነው፤ መኪና በማይበዛበት በግቢው ውስጥ መንገድ አንድ ቀን በቀኝ፣ አንድ ቀን በግራ ዙሩ።

ዳገትም እንዲሁ ነው። በ6 በመቶ ዳገት ላይ ዜሮ ድሮፕ ጫማ ተረከዛችሁን ከጣታችሁ በ10 ሚሊሜትር ዝቅ ያደርገዋል። ስሌቱ እግሩን ሙሉ ለሚረግጥ ሰው ነው፤ በጣቱ ለሚወጣ ይለያል። ቢሆንም ገላን ሜዳ ላይ የተመቸ ጫማ እንጦጦ ላይ ባት ቢያቃጥል አይግረማችሁ።

ከመግዛታችሁ በፊት

አዲስም ይሁን ሳልባጅ፣ ሱቁ ውስጥ እነዚህን አድርጉ።

1. ጫማውን ለጥ ያለ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ከኋላ እዩት። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ተዉት። ሳልባጅ ጫማ የቀድሞ ባለቤቱን አረጋገጥ ይዞ ይመጣል።
2. እግራችሁን አርጥባችሁ ወረቀት ላይ ቁሙና ዙሪያውን በእርሳስ ሳሉ፤ ወረቀቱን ይዛችሁ ሂዱ። የሶሉ ግርጌ ከሥዕሉ መጥበብ የለበትም።
3. ተረከዙንና ፊቱን ይዛችሁ እንደ ጨርቅ ጠምዝዙት። ጨርሶ የሚጠመዘዝ ከሆነ ድጋፍ የለውም።
4. በአውራ ጣታችሁ የተረከዙን ፎም ከውስጥና ከውጭ ጎን ተጫኑ። አንዱ ጎን ሞቶ ከሆነ የተጻፈው ድሮፕ ዋጋ የለውም።
5. አድርጋችሁት በአንድ እግር 30 ሰከንድ ቁሙ። ከባዶ እግራችሁ ይልቅ ካንገዳገዳችሁ ስሙ ስታቢሊቲ ቢሆንም ለእናንተ አይደለም።

ዜሮ ድሮፕ ከገዛችሁ ደግሞ አሮጌውን ጫማ አትጣሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ከሩጫችሁ 10 ደቂቃውን ብቻ በአዲሱ ሩጡ፤ ከዚያ በየሳምንቱ ጥቂት ጨምሩ። ጠዋት ከአልጋ ስትወርዱ የመጀመሪያው እርምጃ የተረከዝ ጅማታችሁን ከያዘው ወደኋላ ተመለሱ። ሁለት ጫማ አፈራርቆ መጠቀም የሽግግሩ ዋና መሣሪያ ነው።

የጎረቤቴ መልስ የተገኘውም እዚህ ላይ ነው። አሮጌ ጫማው ሶሉ አልቋል፤ ብሩም ለአንድ ጫማ ብቻ ነው። የሚያፈራርቀው ከሌለ ቀስ ብሎ መልመድ አይችልም። ስለዚህ ዜሮውን ለሌላ ጊዜ አቆይቶ፣ ግርጌው ሰፋ ያለ፣ ድሮፑ 6 የሆነ ጫማ ፈለግን። ሱቁ ውስጥ ሦስት ጫማዎች ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ከኋላ ሲያያቸው ባለሱቁ ሳቀበት። ከሦስቱ አንዱ ግን ዘሞ ነበር፤ ያንን መለሰው።