ያምናው የዒድ ልብስ ዘንድሮም ልክ ከሆነ

ለቡ መብራት ኃይል ያላችሁ እናቶችና አባቶች፣ ያምናው የዒድ ልብስ ለልጃችሁ ዘንድሮም ልኩ ከሆነ ወጪ ቀረልን ብላችሁ አትለፉት፤ ቁመቱን ለኩት።

ከአንጎል ሥር የአተር ፍሬ የምታህል ፒቱታሪ የተባለች እጢ አለች። ዕድገትንና የሰውነትን ውኃ የሚቆጣጠሩ ሆርሞኖች የሚለቀቁት ከእርሷ ነው። አጠገቧ በልጆች ላይ የሚበቅለው ዋነኛው እባጭ ክራኒዮፋሪንጂዮማ ይባላል። ሆርሞን አያመነጭም፣ ካንሰርም አይደለም፤ የሚጎዳው እጢዋንና የዓይንን ነርቭ በመጫን ነው። በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሰው ከ2 በላይ አይዝም። ከሚይዛቸው ልጆች ብዙዎቹ ግን ከ5 እስከ 14 ዓመት ያሉ ናቸው።

ታዲያ እኛ «ቁመቱ በዘሩ ነው»፣ «ወስፋት ይሆናል» እያልን ዓመት እናሳልፋለን! ጠዋት ጠዋት ራሱን ካመመውና ካስመለሰው፣ በጎን ያለውን ሳያይ ከበር መቃን ከተጋጨ፣ ሌሊት እየተነሳ ውኃ ከጠጣና ሽንት ካበዛ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ሪፈርም ጠይቁ። የሚለየው በኤም.አር.አይ ነው። ሕክምናው ኦፕራሲዮንና ጨረር ሲሆን፣ የአገራችን የአንጎል ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና በጥቁር አንበሳ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው።

ከኦፕራሲዮን በኋላ ብዙዎቹ ልጆች የዕድሜ ልክ መድኃኒት ይወስዳሉ። ኮርቲዞን የሚውጥ ልጅ በረመዳን «እኔም ልጹም» ብሎ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ፤ ራሱን ስቶ ሊወድቅ፣ ሊሞትም ይችላል።