«ሕፃን ነው፣ ይረሳዋል» ለምንል ሁሉ

ጦርነት ወይም ከባድ አደጋ ስላየ ልጅ ሲወራ ቶሎ የሚነገር ቃል አለ፦ «ሕፃን ምን ያውቃል? ይረሳዋል።» እውነቱ ግን ሌላ ነው። ልጁ የሆነውን መናገር ያቅተው ይሆናል እንጂ አልረሳም። ያየውን በጨዋታው ይደጋግመዋል፣ ሌሊት እየጮኸ ይነቃል፣ ትቶት የነበረውን አልጋ ላይ መሽናት እንደገና ይጀምራል፣ ከእናቱ ጉያ አልወጣም ይላል። እኛ ደግሞ «ባለገ» ብለን እንቆጣዋለን! ይህ ቁጣ ልጁን ይበልጥ ይጎዳዋል።

ሌላው የተለመደ እምነት፣ በአሰቃቂ ነገር የተጎዳ ሰው ሰውነቱ ሁልጊዜ በጭንቀት ሆርሞን የተሞላ ነው የሚለው ነው። በድንጋጤው ሰዓት ልክ ነው፤ አድሬናሊን የልብ ምትን ያፈጥናል፣ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎችም ኮርቲሶል ያመነጫሉ። ኮርቲሶል ግን ለሰውነት ጉልበት ከማዘጋጀቱ ሌላ፣ አደጋው ሲያልፍ ምላሹ እንዲበርድ የሚያደርግም ነው። ድንጋጤው ሥር ሰዶ ሕመም ሲሆን መጠኑ ዝቅ ብሎ የተገኘባቸው ጥናቶች ጥቂት አይደሉም።

መስከረም 11 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ መንትያ ሕንፃዎች ሲመቱ በአካባቢው የነበሩ 38 ነፍሰ ጡሮችን ተመራማሪዋ ሬቸል ያሁዳና ባልደረቦቿ አጥንተዋል። ውጤቱ በ2005 እ.ኤ.አ. ወጣ። ይህ ሥር የሰደደ የድንጋጤ ሕመም የያዛቸው እናቶች በምራቃቸው ውስጥ የተገኘው ኮርቲሶል ካልያዛቸው ያነሰ ነበር። ዓመት ገደማ የሞላቸው ልጆቻቸውም እንደዚያው፤ በተለይ አደጋው በመጨረሻዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት የደረሰባቸው እናቶች ልጆች።

ከዚህ ተነሥቶ «እናትየው አስተላለፈችበት፣ ልጁ አበቃለት» ማለት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ለእናትየውም ግፍ ነው። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ልጆቹ ታመዋልም አላለም። በሌሎች ልጆች ላይ የተገኙት ውጤቶችም አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ስለዚህ ሕመሙን በኮርቲሶል ምርመራ ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም። ባለሙያው የሚመረምረው ጠይቆና ጠባዩን አይቶ ነው። ሕመሙም ይታከማል፤ ወላጅን ጨምሮ የሚሰጥ የንግግር ሕክምና ብዙ ልጆችን ረድቷል።

ምልክቶቹ ከአንድ ወር ካለፉ፣ ጠበል የምትወስዱትም ብትሆኑ ሐኪም ማሳየቱን አትተዉ። ልጁን የምታዩ ባለሙያዎችም እናቱን «አንቺስ እንቅልፍ ይወስድሻል?» ብላችሁ ሳትጠይቁ አትሸኟት።