አርጩሜውን ወሰድን፤ በምትኩ ምን ሰጠን?

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ አጠገቤ የሚቀመጥ ልጅ ነበር፡፡ ከሰሌዳ ሲገለብጥ ሁልጊዜ ይሳሳታል፤ መምህራችንም ‹‹ሰነፍ›› እያሉ በአርጩሜ ይገርፉታል፡፡ ለካስ ሰሌዳው አይታየውም ነበር፡፡ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፡፡ ሒሳብ ማስተማርን ተምረዋል፤ ልጅን ማስተዋል ግን ማንም አላስተማራቸውም፡፡

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት፣ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፡፡ ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም በአንቀጽ 28 የትምህርት ቤት ሥነ ሥርዓት የልጁን ሰብዓዊ ክብር የጠበቀ እንዲሆን ያዛል፡፡ ሕጉ አርጩሜውን ከመምህሩ እጅ ወስዷል፡፡ በምትኩ ምን እንደሚይዝ ማስተማር ያለበት የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ነው፡፡

ዕጩ መምህር ሐኪም ይሁን የሚል የለም፡፡ ሦስት ነገር ከቻለ ይበቃል፡፡

አንደኛው ማስተዋል ነው፡፡ ዓይኑን አጥብቦ የሚያይ፣ ሲጠሩት የማይሰማ፣ ቁርስ ሳይበላ መጥቶ ረፋድ ላይ የሚያንቀላፋ፣ በየወሩ ጥቂት ቀን የምትቀር፣ ተጫዋች የነበረና በድንገት ዝም ያለ ልጅ ሁሉም ምልክት እየሰጡ ነው፡፡

ሁለተኛው መጠየቅ ነው፤ ለብቻ፣ ሳይፈርዱና እንደ መርማሪ ሳያፋጥጡ፡፡ ልጁ በደል እንደደረሰበት ከተናገረ ‹‹ለማንም አልናገርም›› ብሎ ቃል መግባት አይገባም፡፡ ‹‹ሊረዳህ ለሚችል ሰው እነግራለሁ›› ማለት ይሻላል፡፡

ሦስተኛው ማስተላለፍ ነው፤ እንደ ጉዳዩ ለወላጅ፣ ለርዕሰ መምህሩ፣ ለጤና ጣቢያ ወይም ለፖሊስ፡፡ የሚከብደውም ይኼ ነው፡፡ ለዓይን ችግር ወላጅ ይጠራል፡፡ በዳዩ ራሱ ወላጅ ሲሆን ግን ወላጅን መጥራት ልጁን መልሶ ለበዳዩ ማስረከብ ይሆናል፡፡

ይህንን ልዩነት ዕጩው ከደብተር አያገኘውም፡፡ ትምህርት ቤት ሄዶ በሚለማመድበት ፕራክቲከም፣ አሠልጣኙ የትምህርት ዕቅዱን ከመዘነ በኋላ ‹‹ከክፍልህ የትኛው ልጅ አሳሰበህ? ምን አደረግህ?›› ብሎ ይጠይቀው፡፡ መልሱም ነጥብ ይኑረው፤ ነጥብ የሌለው ነገር እንደማይጠና ሁላችንም ተማሪ ሆነን አይተነዋል፡፡

‹‹ስልሳ ተማሪ የያዘ መምህር ይህንን ሁሉ ከየት ያመጣል?›› የሚሉ አሉ፡፡ እውነት አላቸው፤ የክፍል መጨናነቅ በሥልጠና አይፈታም፡፡ ልጅን ወደ ፊት ወንበር ማዛወር ግን አንድ ደቂቃ አይፈጅም፡፡

የዚያ ልጅ ችግር የታወቀው ትምህርቱን ጥሎ ከወጣ በኋላ ነው፡፡