«ከ10 ዶላር በታች በክሬዲት ካርድ አንሸጥም»

ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ውስጥ ካሉ የአበሻ ሱቆች እንጀራ የገዛ ሰው እንዲህ ያለ ወረቀት ሒሳብ መክፈያው አጠገብ ተለጥፎ ሳያይ አይቀርም። ብዙ ደንበኛ የባለሱቁ ስስት ይመስለዋል። አይደለም። የካርድ ኩባንያዎች ደንብ እንዲህ ያለውን ዝቅተኛ ወሰን ድሮ ይከለክል ነበር፤ የ10 ዶላሩን ወሰን የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የአሜሪካ የፋይናንስ ሕግ ነው። ፈቃዱም ለክሬዲት እንጂ ለዴቢት ካርድ አይሠራም።

ደንበኛው በክሬዲት ካርድ 100 ዶላር ሲከፍል ባለሱቁ እጅ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ 97 ወይም 98 ዶላር ነው። ከሚቀረው ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ካርዱን ያወጣው ባንክ ነው። ቀሪውን ቪዛ ወይም ማስተርካርድና የባለሱቁን ማሽን የሚያገናኘው ድርጅት ይካፈሉታል። በመቶኛው ላይ ደግሞ ጥቂት ሳንቲም ቋሚ ክፍያ ይታከላል፤ የ2 ዶላር ሻይ ትርፍ የሚያልቀው በዚህችው ሳንቲም ነው። ክፍያው የሚታሰበው በጠቅላላው ሒሳብ ላይ ስለሆነ፣ ምግብ ቤቱ ለመንግሥት ከሚሰበስበው ታክስና አስተናጋጇ ከምታገኘው ጉርሻ ላይ ሳይቀር ይቆረጣል። ኢሊኖይ ይህን የሚከለክል ሕግ በ2024 ብታወጣ ባንኮች ወዲያው ከሰሱ።

ክርክሩ ከካርዱ ጋር የተወለደ ነው። ዳይነርስ ክለብ በ1950 ኒው ዮርክ ውስጥ ሲጀምር ከምግብ ቤቶች 7 በመቶ ይወስድ ነበር። በ1991 የቦስተን ምግብ ቤቶች ኮሚሽኑ በዛብን ብለው በአሜሪካን ኤክስፕረስ ላይ አመፁ። በ2005 ነጋዴዎች በቪዛና በማስተርካርድ ላይ የመሠረቱት ክስ ዓመታት ተጉዞ በ2024 ለስምምነት ቀረበ፤ ለነጋዴው 30 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ያድናል የተባለለትን ያን ስምምነት ግን ዳኛ ማርጎ ብሮዲ አላጸደቁትም።

ካርዱ ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። አዲስ የመጣ ሰው ቤት ለመከራየትም ሆነ መኪና በብድር ለመግዛት የክሬዲት ታሪክ ይጠየቃል፤ ያን ታሪክ ለመገንባት ቀላሉ መንገድ ካርድ ነው። ካርዱ ቢሰረቅ ሕጉ በባለቤቱ ላይ ከ50 ዶላር በላይ ዕዳ እንዳይጫን ይከለክላል። ባለሱቁም ቢሆን ይጠቀማል። አገር ቤት ዱቤ የሚሰጥ ነጋዴ ደብተሩን የሚይዘው ራሱ ነው፤ ተበዳሪው ቢጠፋ የሚከስረውም እሱ ነው። እዚህ ያን ስጋት ባንኩ ወስዶለታል፤ ለዚህም መክፈሉ ተገቢ ነው።

ጥያቄው ስንት ይክፈል የሚለው ነው። እንደ ኮስኮ ያለ ግዙፍ መደብር አሜሪካ ውስጥ ከክሬዲት ካርዶች የቪዛን ብቻ እቀበላለሁ ብሎ መደራደር ይችላል፤ የማዕዘኑ ሱቅ ግን የቀረበለትን ይፈርማል። በኩባንያዎቹ ደንብ መሠረት አንድ ዓይነት የቪዛ ክሬዲት ካርድ የተቀበለ ሁሉንም መቀበል ሲኖርበት ቆይቷል፤ የአየር መንገድ ነጥብ የሚሸልሙትንና ኮሚሽናቸው የሚከብደውን ጭምር። ባለሱቁም ወጪውን በርበሬው ላይ ይጨምራል። ስለዚህ ካርድ የሌላቸው እናት ያንኑ በርበሬ በጥሬ ገንዘብ ሲገዙ፣ የሌላ ሰው የአውሮፕላን ቲኬት ላይ እያዋጡ ነው። ከዚህ ሁሉ እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ባንኮች የሚወስዱትን በክሬዲት 0.3፣ በዴቢት 0.2 በመቶ ላይ ገደበው። አሜሪካ የትልልቅ ባንኮችን የዴቢት ካርድ ኮሚሽን በ21 ሳንቲምና 0.05 በመቶ ስትወስን ክሬዲቱን ሳትነካ ተወችው። ክሬዲቱም መገደብ አለበት እላለሁ፤ ሽልማቱ ቢቀንስም ይቀንስ። እስከዚያው ግን፣ አንባቢዬ፣ ከሰፈርዎ ሱቅ አንድ እሽግ እንጀራ ሲገዙ ኪስዎ ውስጥ ጥሬ ገንዘብ ካለ በእሱ ይክፈሉ።